.45 ኮልት፣ .44 ወይስ .357? ኢላማ ለሚወድ ሰው የትኛው የሪቮልቨር ጥይት ይሻላል

መልሱን መጀመሪያ ልንገራችሁና ረጅም ነገር ማንበብ የማይወድ እዚሁ ጋ ይውረድ። ሪቮልቨር (ጥይቱ ሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ ሚቀመጥበት ሽጉጥ) ሚገዛው ኢላማ ላይ ለመዝናናት ከሆነና የጥይት ወጪ ብዙ ካላስጨነቀው .45 ኮልት ይግዛ፣ ኪሱ የሳሳ ከሆነ .357 ማግነም ገዝቶ .38 ስፔሻል ይተኩስበት፣ አደን ሚወጣ ከሆነ ደሞ .44 ማግነም። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደዛ እንዳልኩ ነው፣ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ይሄ ወሬ ከተነሳ እኔ ማቆም አይሆንልኝም።

ጥያቄው ሚመጣልኝ እዚህ ሱሉልታ ከሰፈራችን ልጆች ነው። ዲቪ ደርሷቸው ሊሄዱ ሚዘጋጁ አሉ፣ ወንድም እህቶቻቸው ቴክሳስና ኮሎራዶ ሆነው ፎቶ ሚልኩላቸው አሉ፣ እኔ ደሞ እዛ ኖሬ እንደተመለስኩና ሬንጅ (ተኩስ መለማመጃ ቦታ) እሄድ እንደነበር ያውቃሉ፣ ስለዚ ቡና ላይ ቁጭ ባልን ቁጥር "ጋሼ፣ እርሶ ግን 9 ሚሊሜትር እያለ ምን አይተውበት ነው ያንን የካውቦይ ጥይት ሚወዱት" ይሉኛል። ጥያቄው ፌር ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጥይት መውደድ ማብራሪያ ይፈልጋል። (ሚወራው ሁሉ ስለ አሜሪካ ነው እሺ፣ ስለ እኛ ሀገር ታች ላይ አንድ ሁለት ነገር እላለሁ።)

ምርጫዎቹን ባጭሩ እንያቸው፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ነጥብ ያለባቸው ቁጥሮች ደሞ የእርሳሱን ውፍረት በግምት በኢንች ሚናገሩ ናቸው። .38 ስፔሻል 1898 አካባቢ የወጣ ነው፣ 158 ግሬን ማለትም 10 ግራም ገደማ እርሳስ በሰከንድ 230 ሜትር አካባቢ ይልካል። .357 ማግነም በ1930ዎቹ አጋማሽ የ.38ን ቀለህ ትንሽ አስረዝመው የሰሩት ነው፣ ያንኑ 10 ግራም ወደ 375 ሜትር በሰከንድ ያደርሰዋል። .44 ስፔሻል 1907 ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጋር መጣ፣ 16 ግራም ገደማ በ230። .44 ማግነም 1955፣ ከ15 ግራም ትንሽ በለጥ ያለ እርሳስ በ400 እና ከዛም በላይ። የሁሉም ታላቅ .45 ኮልት ነው፣ የአሜሪካ ጦር በ1873 ከኮልት ሲንግል አክሽን አርሚ ሪቮልቨር ጋር የታጠቀው፣ 255 ግሬን ወይም 16.5 ግራም እርሳስ በ260 ሜትር በሰከንድ አካባቢ። ሰው "ሎንግ ኮልት" ሲል ብትሰሙ ያው እሱን ነው፣ .45 ኤሲፒ ከሚባለው ግን ለዩት፣ ያኛው ለአውቶማቲክ ሽጉጥ የተሰራ አጭር ጥይት ነውና ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን በደንብ ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

እሺ አሁን ወደ ዋናው ነገር።

የ.45 ኮልት ሚስጥሩ ግፊቱ ነው፣ ግፊት ስል ባሩዱ ሲነድ ቀለህ ውስጥ ሚፈጠረው። የአሜሪካ የጥይት አምራቾች መስፈርት ለ.45 ኮልት ያስቀመጠው ጣሪያ 14,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። .357 ማግነም 35,000 ነው። .44 ማግነም 36,000። ልብ በሉ፣ .45 ኮልት ከነሱ ግማሽ እንኳን በማይሞላ ግፊት ነው ያን ሁሉ እርሳስ ገፍቶ ሚያወጣው። እንዴት ሆነ ካላችሁ ስራውን ሚሰራው ክብደቱ ስለሆነ ነው፣ ፍጥነቱ አይደለም። ቀለሁ ሰፊ ነው፣ የእርሳሱ መቀመጫ ሰፊ ነው (11.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ የ.357 9 ነው)፣ ግፊቱ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ትንሹም ይበቃዋል።

ይሄን ለማስረዳት ሁሌ ምጠቀመው ውጅግራን ነው። ሰፈራችን አባታቸው ውጅግራ የነበራቸው አንድ አዛውንት አሉ፣ ስለሷ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል፣ ከሷ በኋላ የመጡትን ቀጫጭን ጥይቶች ደሞ ብዙም አይቆጥሯቸውም። ውጅግራ "ግራ" የሚባለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፣ አድዋ ላይ ከነበሩት አንዱ፣ 11 ሚሊሜትር፣ በጥቁር ባሩድ 25 ግራም እርሳስ ሚልክ። ከዛ በ1886 ፈረንሳዮቹ ጢስ አልባ ባሩድ ይዘው 8 ሚሊሜትር ለበንን አመጡና ዓለም በሙሉ ወደ ቀጭንና ፈጣን ዞረ። .45 ኮልት የሪቮልቨሩ ውጅግራ ነው፣ የዛው ዘመን ልጅ፣ የዛው አስተሳሰብ ልጅ። ልዩነቱ ውጅግራ ሙዚየምና ግድግዳ ላይ ስትቀር .45 ኮልት ዛሬም አዲስ ሪቮልቨር ይሰራለታል፣ ጥይቱም ከፋብሪካ ትኩሱ ይወጣል።

እጅ ላይ ምን ይሰማል? እዚህ ጋ ሰው ይሳሳታል፣ ትልቅ ጥይት ስለሆነ በጣም ይመታል ብሎ ያስባል። ከአንድ ኪሎ ትንሽ ሚበልጥ ሪቮልቨር ላይ ተራውን .45 ኮልት ስትተኩሱ ርግጫው ቀስ ብሎ ሚገፋ አይነት ነው፣ መያዣው መዳፍ ውስጥ ትንሽ ይንከባለላል፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ ያልቃል። በስሌት ካየነው የ.357 ርግጫ ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ እንዲያውም የእርሳሱን ጉልበት በጁል ካየን .357 700 አካባቢ ሲሆን .45 ኮልት 560 ገደማ ነው፣ ማለትም ወረቀት ላይ ወጣቱ ያሸንፋል። ግን .357 ስትተኩሱ ሚያስጠላው ድምፁና ነበልባሉ ነው። እርሳሱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ጠንካራ ጩኸት አለው፣ ከአፈሙዙና ከሲሊንደሩ ክፍተት ሚወጣው ጋዝ ፊት ላይ ይሰማል፣ ጣራ ያለው ሬንጅ ውስጥ ከሆናችሁ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። .45 ኮልት ከድምፅ በታች ነው ሚሄደው፣ ወፍራም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያለው። ጆሮ መከላከያ ግን ግዴታ ነው፣ ዝቅ አለ ማለት ጆሮ አይጎዳም ማለት አይደለም።

ሰው ቃታ ሲስብ ጩኸቱን ቀድሞ ፈርቶ እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ኢላማ ሚያስተው ባብዛኛው ይሄ ነው። ጩኸቱ ሲቀንስ ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ ፍርሃቱ ሲቀንስ መምታት ይጀምራል። ለኔ .45 ኮልትን ያስወደደኝ ከታሪኩ በላይ ይሄ ነው፣ ሳጥኑ እስኪያልቅ ተኩሳችሁ ሳይደክማችሁ ትሄዳላችሁ። ሌላ ትንሽ ደስታም አለ፣ ወረቀት ላይ ሚከፍተው ቀዳዳ ትልቅ ስለሆነ መስመር ሚነካበት እድል ይጨምራል፣ የብረት ሳህን ሚወድቅበት ጨዋታ ላይ ደሞ ከባዱ እርሳስ ዳር ላይ ቢነካውም ገፍቶ ይጥለዋል፣ .38 ነክቶት ሳህኑ ተወዛውዞ ሲቆም ማየት ያበሳጫል።

ጦሩ ራሱ በ1892 ገደማ .45ን ትቶ ወደ .38 ሎንግ ኮልት ዞሮ ነበር፣ ቀለል ይላል ብሎ። ከዛ ፊሊፒንስ ውስጥ .38ቱ ያሰቡትን ያህል አልሰራ ሲላቸው የድሮዎቹን .45 ሪቮልቨሮች ከመጋዘን አውጥተው መልሰው አስታጠቁ፣ በመጨረሻም .45 ኤሲፒና የ1911 ሽጉጥ ከዛ ክርክር ነው የመጡት። ሰው ይሄን ታሪክ ".45 የነካው ሁሉ ይወድቃል" ወደሚል ተረት ቀይሮታል፣ እሱን አትስሙ፣ ምንም ሽጉጥ እንደዛ አይደለም።

.44ቱስ?

የ.45 ኮልት እውነተኛ ተፎካካሪ .44 ስፔሻል ነው፣ .44 ማግነም አይደለም። ስፔሻሉ በጣም ቆንጆ ጥይት ነው፣ ለስላሳ፣ አነጣጥሮ ለመምታት ሚመች፣ ግፊቱም 15,500 ብቻ። እንዲያውም መሳሪያ በሚሰራ ሰው አይን ካያችሁት ከ.45 ይሻላል፣ ምክንያቱም እኩል ስፋት ያለው ሲሊንደር ላይ ቀዳዳው ሲጠብ በቀዳዳዎቹ መሃል ሚቀረው ብረት ይወፍራል። ኤልመር ኪት የሚባለው የአይዳሆው ካውቦይና የመሳሪያ ጸሐፊ በ1920ዎቹ ከልክ በላይ የሞላው .45 ኮልት ከፈነዳበት በኋላ ወደ .44 ስፔሻል የዞረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ለዓመታት እሱን አጠንክሮ እየሞላ ፋብሪካዎቹን ሲጎተጉት ኖሮ ነው .44 ማግነም የተወለደው።

ታዲያ ለምን .44 ስፔሻል ግዙ አላልኩም? ጥይቱ እንደልብ ስለማይገኝ ነው። ሱቅ ገብታችሁ .44 ማግነም መደርደሪያ ሙሉ ነው፣ ስፔሻሉ ግን ካለ አንድ ሁለት ሳጥን፣ ዋጋውም ያናድዳል። .45 ኮልትም ርካሽ አይደለም ግን ለካውቦይ ውድድር እየተባለ ለስለስ ያለ ባለ 50 ሳጥን ሚሰሩለት ብዙ ናቸው። ለስፔሻሉ መፍትሄው .44 ማግነም ሪቮልቨር ገዝቶ ስፔሻል መተኮስ ነው፣ ይገባል ይሰራልም፣ ቀለሁ አጭር ስለሆነ ብቻ ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቀርሻ ይሰራል፣ ከዛ ሳታጸዱ ማግነሙን ልታስገቡ ስትሉ አልገባ ይላል፣ መቦረሽ ነው።

.44 ማግነም ራሱ ለአደን ነው። አጋዘን፣ ጫካ ውስጥ ድብ ካለበት ቦታ፣ ሩቅ ኢላማ። ሪቮልቨሩን 25 ሜትር ላይ አስተካክላችሁ 100 ሜትር ላይ ብትተኩሱ .45 ኮልት ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ .44 ማግነም የዛን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ለጀማሪ ግን አይሆንም፣ ጉልበት ስለሌለው አይደለም፣ ከላይ ያልኩትን የመፍራት ልማድ በአንድ ከሰዓት ያስተምረውና ለማጥፋት ወራት ይፈጅበታል። ዩትዩብ ላይ እየሳቁ ሪቮልቨሩ ግንባራቸውን ሚመታቸው ሰዎች አይታችኋል አይደል፣ ባብዛኛው እሱና ከሱ ሚበልጡት ናቸው።

ኪስ ሲናገር

.357 ሪቮልቨር ሁለት ጥይት ይበላል፣ .357ቱንና .38ን፣ .38 ደሞ ከሁሉም ርካሹና በየትም ሚገኘው ነው። የካውቦይ አለባበስ ለብሰው በድሮ መሳሪያ ሚወዳደሩት ሰዎች ጋር ብትሄዱ (ዋናው ማህበራቸው በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው የተመሰረተው) ሚያሸንፉት አብዛኞቹ .38 ነው ሚተኩሱት፣ .45 ኮልት ያለው ሰው ግን ሲተኩስ በጣም ደስ ብሎት ነው ሚተኩሰው፣ ልዩነቱ ይሄ ነው። ስለዚ ገና ስራ የጀመረ፣ ቤት ኪራይ ሚከፍል፣ ወደ ቤተሰብ ብር ሚልክ ልጅ .45 ኮልት ልግዛ ቢለኝ አይሆንም ነው ምለው። .357 ግዛ፣ .38 ተኩስ፣ ካደግክ በኋላ ና እናወራለን።

ቀለህ መልሶ መሙላት ለሚወድ ሰው ሂሳቡ ይገለበጣል። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የ.45 ኮልት ቀለህ ተደጋግሞ ተሞልቶ አያልቅም፣ ተራ የተጣለ እርሳስ ይስማማዋል፣ መዳብ ልባስ አይፈልግም። .44-40 የሚባለው የዊንቸስተር የድሮ ጥይትም ይነሳል ሁሌ፣ እሱ አንገቱ ቀጭንና ስስ ነው፣ ለመሙላት አስቸጋሪ፣ ግን ጥቁር ባሩድ ለሚተኩስ ሰው ቀለሁ ቀዳዳውን በደንብ ስለሚዘጋ ንፁህ ነው። በድሮው ዘመን ከዊንቸስተር ጠመንጃ ጋር እኩል ሚሰራው እሱ ነበር፣ በ.45 ኮልት ሚሰራ ባለ ሌቨር (ቃታው ስር ባለ እጀታ ሚጎረስ) ጠመንጃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አልነበረም፣ ፊልም ላይ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

.45 ኮልት ላይ ሚያስፈራው

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። በአንድ ስም ሚሸጥ ግን ጉልበቱ የማይገናኝ ጥይት አለ። ተራው ከላይ ያልኳችሁ 14,000ው ነው። ከዚህ ሌላ "ለሩገር ብቻ" (ሩገር የአሜሪካ መሳሪያ ሰሪ ነው) ተብሎ ሚሸጥ አለ፣ ግፊቱ የተራውን እጥፍ ገደማ ሚደርስ፣ ወደ .44 ማግነም ሚጠጋ። ቀለሁ ያው ነው፣ ርዝመቱ ያው ነው፣ ማንኛውም .45 ኮልት ውስጥ ይገባል፣ ሚከለክል ነገር የለም። የአያት ኮልት ውስጥ ወይ ጣልያኖቹ ኡበርቲና ፒየታ በሚሰሩት ቅጂ ውስጥ ከገባ ሲሊንደሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። (በነገራችን ላይ የአሜሪካ ካውቦይ ሪቮልቨር ቅጂ ባብዛኛው ሚመጣው ከጣልያን ነው፣ ሰፈር ላይ ይሄን ስነግራቸው ሁሌ ይስቃሉ።)

ሩገር ማለትም ሁሉም ሩገር ማለት አይደለም። ብላክሆክ ትልቁ ፍሬም ይችለዋል፣ ሬድሆክ ይችለዋል፣ ከ1993 ጀምሮ የወጣው የመጀመሪያው ቫኬሮም እንደዛው። በ2005 የመጣው ኒው ቫኬሮ ግን ፍሬሙ አነስ ያለ ስለሆነ ተራውን ብቻ ነው ሚተኩሰው። ሁለቱ ቫኬሮዎች ሩቅ ሆኖ ላያቸው መንታ ናቸው፣ ሻጩ ራሱ ማይለይበት ጊዜ አለ። ከዚህም በላይ .454 ካሱል ሚባል አለ፣ በ1950ዎቹ የ.45 ኮልትን ቀለህ አስረዝመው የፈጠሩት፣ ጣሪያው 65,000 ፒኤስአይ፣ የሱ ሪቮልቨር .45 ኮልትን ይበላል፣ በግልባጩ ግን አይሰራም፣ ረጅም ስለሆነ አይገባም፣ ደግነቱ።

ሁለተኛው ችግር ከቀለሁ ስፋት ሚመጣ ነው። ቀለሁ ለ40 ግሬን ጥቁር ባሩድ ነው የተሰራው፣ ዛሬ ሚሞላው ጢስ አልባ ባሩድ ትንሽ ነው፣ ውስጡ ባብዛኛው ባዶ ነው። ስለዚ ሪቮልቨሩን ወደታች አድርጋችሁ ካነሳችሁት ባሩዱ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደላይ ካነሳችሁት ወደኋላ፣ ፍጥነቱ እንደዛው ይለያያል። ራሱ ለሚሞላ ሰው ደሞ የከፋው በስህተት ሁለቴ ቢሞላ እንኳን አይፈስም፣ አይን ካላየው አይታወቅም። መሙላት ምትጀምሩ ከሆነ እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት ሳታዩ እርሳስ አታስቀምጡበት።

ሶስተኛ፣ .410 የሾትገን (ትናንሽ እርሳስ በአንዴ ሚበትን ጠመንጃ) ጥይትና .45 ኮልትን በአንድ ሲሊንደር ሚተኩሱ ሪቮልቨሮች አሉ፣ ሀሳቡ ያጓጓል። ኢላማ ለሚወድ ሰው አልመክርም። ሲሊንደሩ ለ.410 ሲባል ረጅም ስለሆነ የ.45ቱ እርሳስ አፈሙዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ረጅም መንገድ ይዘላል፣ አነጣጥሮ መምታት እዛ ላይ ይበላሻል።

እዚህ ሀገርና እዛ ሀገር

እዚህ እኛ ጋ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፣ ወሬ ሆኖ ይቅር። የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይሄኛው ዓመት በኛ ነው) አለ፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው፣ አለቀ። ማታ ማታ ጅብ ከእንጦጦ በኩል እየወረደ አስቸገረን፣ ሽጉጥ ቢኖረን ሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ለጅብ ጥሩ አጥርና ሁለት ውሻ ይበቃል፣ በጨለማ ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ማን ላይ እንደሚያርፍ በማይታወቅ እርሳስ አይቀለድም። ከአሜሪካ ስትመጡም ለማስታወሻ ብላችሁ ባዶ ቀለህ እንኳን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ ቦሌ ላይ ለማስረዳት ትንሽ ከባድ ነው። ከፍታው ይለውጣል ወይ ብሎ የጠየቀኝም አለ፣ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ግን በሪቮልቨር ርቀት 25 ሜትር ላይ ልዩነቱ በአይን አይታይም።

አሜሪካ ለምትሄዱት፣ ግሪን ካርድ ያለው በፌደራል ህግ መግዛት ይችላል፣ ቱሪስትና ተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ባጠቃላይ አይችልም፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከነጋዴ ስትገዙ 4473 የሚባል ፎርም ትሞላላችሁ፣ እዛ ላይ ውሸት መጻፍ ራሱን የቻለ የፌደራል ወንጀል ነው፣ ወረቀታችሁንም ያበላሽባችኋል። የስቴት ህግ ደሞ በየቦታው ይለያያል፣ ቴክሳስ ያለው ዘመዳችሁ ሚነግራችሁ ካሊፎርኒያ ላይ አይሰራም። መግዛት ሳያስፈልግም ሪቮልቨር ሚያከራዩ ሬንጆች ስላሉ ሁለቱንም ተከራይታችሁ በአንድ ቀን ብትሞክሩ ከኔ ወሬ ይሻላል።

ያገለገለ .45 ኮልት ስታዩ ምትጠይቁት ይሄን ነው። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት ራሳችሁ አረጋግጡ። ከዛ መዶሻውን ወደኋላ ስባችሁ ሲሊንደሩን በጣት ወዲህ ወዲያ አንቀሳቅሱት፣ ብዙ ከተወዛወዘ ያለቀ ነው። የድሮው ኮልትና ብዙዎቹ ቅጂዎች ስድስት ቀዳዳ ቢኖራቸውም አምስት ብቻ ተሞልቶ መዶሻው ባዶው ላይ ነው ሚያርፈው፣ ስድስቱንም ሞልቶ መያዝ ቢወድቅ ሊተኮስ ይችላል፣ ሩገር ከ1973 በኋላ የሰራቸው ግን ውስጣቸው መከላከያ ብረት ስላለ ስድስቱም ይሞላል። በመጨረሻ የሲሊንደሩን የፊት ቀዳዳ አስለኩ። የድሮዎቹ ኮልቶች አፈሙዝ ለ.454 ኢንች እርሳስ ነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ .452 አካባቢ ሆነ፣ ሲሊንደሩ ግን አንዳንዴ በድሮው ልክ ቀርቷል፣ አንዳንድ ሩገር ላይ ደሞ በተቃራኒው ጠቦ ይገኛል። የፊት ቀዳዳው ከ.452 ከጠበበ ጠመንጃ ሰሪ በትንሽ ብር ያሰፋላችኋል፣ በጣም ከሰፋ ግን ሚድን ነገር የለውም፣ ወይ ወፈር ያለ እርሳስ ትፈልጉለታላችሁ ወይ ዋጋ አስቀንሳችሁ ለግድግዳ ትገዙታላችሁ።